ልቡ ለታመመ ሰው ስለሚገባ ማጽናናት



ሕሙማንን መጠየቅ በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ከምጽዋት ጋር የሚቈጠር የምሕረት ሥራ ነው። ጌታችን በመጨረሻው ቀን ከሚጠይቀን ነገር አንዱ የታመመውን መጠየቃችን መሆኑን በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ አስተምሮናል። ነገር ግን ወደ ሕሙም ቤት መሄድ አንድ ነገር ነው፤ ሕሙሙን በውስጡ የሚያስጨንቀውን ዐውቆ ማጽናናት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን እግር ይፈጽመዋል፤ ሁለተኛው ግን ማስተዋል ይፈልጋል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተውም ድንገተኛ የልብ ሕመም ይዞት ከሞት ተርፎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው የሚያድርበትን ፍርሃትና ኀዘን፥ ከዚያም የሚወጣበትን መንገድ ነው።

ነገሩ በግልጽ እንዲታይ አንድ ሰው እናስብ። ይህ ሰው በመካነ ሰላም አካባቢ የሚኖር፥ ዕድሜው 55 ዓመት የሆነ አራሽ ነው እንበል። ከማሳው ወደ ቤቱ ዳገቱን ሲወጣ ደረቱን እንደ ድንጋይ የሚጫን ሕመም ያዘው፤ ሕመሙም ወደ ግራ ክንዱና ወደ መንጋጋው ወጣ፤ ላብ አጠመቀው። ጎረቤቶቹ ተሸክመው ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል አደረሱት፤ ከዚያም በረጅሙ የተራራ መንገድ ወደ ደሴ ተላከ። እግዚአብሔር አተረፈውና ከጥቂት ቀን በኋላ ተመለሰ። ዘመድ ወዳጁ ተሰብስቦ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» አለው፤ ደስታም ሆነ።

ጠያቂው ሁሉ ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ ግን ሌላው ፈተና ይጀምራል። ሰውዬው ሌሊት እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ የልቡን ምት ሲያዳምጥ ያድራል። አንዲት ትርታ የቀረች በመሰለው ጊዜ ደንግጦ ይነሣል። በጎኑ የጋዝ ውጋት በተሰማው ቍጥር «ተመልሶ መጣ» ይላል። በማለዳ ልጁ በሬዎቹን ጠምዶ ሲወጣ እያየ፥ እርሱ ግን ጋቢውን ተከናንቦ በመደብ ላይ ሲቀመጥ፥ እንባው ይመጣል፤ ሰው እንዳያየውም ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሚስቱን ያለ ምክንያት ይቈጣል። ቀድሞ የሚወደው ምግብ አይጥመውም። ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀው ግን «እግዚአብሔር ከሞት አውጥቶኝ ሳለ ለምን እፈራለሁ? እምነቴ ጎድሎ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ነው። ይህንንም ለማንም አይናገርም፤ ለንስሐ አባቱም ጭምር ያፍራል።

እንግዲህ የዚህ ትምህርት ዋና ቃል ይህ ነው፤ ከልብ ሕመም በኋላ የሚመጣው ፍርሃትና ኀዘን የሕመሙ ክፍል ነው እንጂ የእምነት ክሕደት አይደለም። የሕመሙ ክፍል ከሆነም ሊነገር፥ ሊታከምና ሊታገሡት ይገባል።

1ኛ፤ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ

ልብ ደምን ወደ ሰውነት ሁሉ የሚረጭ ጡንቻ ነው። እርሱም ራሱ ደም ስለሚያስፈልገው በላዩ ላይ የሚጠመጠሙ ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉት። በእነዚህ ሥሮች ውስጥ በዘመን ብዛት ስብ ይጋገርባቸዋል። የተጋገረው ስብ ሲሰነጠቅ ደም በላዩ ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል፤ ደም ያልደረሰውም የልብ ክፍል ይሞታል። በተለምዶ «ሃርት አታክ» የሚባለው ይህ ነው። ትምባሆ ማጨስ፥ የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታና የደም ስብ መብዛት ወደዚህ ሕመም ያደርሳሉ።

የሞተው ክፍል ቀስ በቀስ በጠባሳ ይተካል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። የቀረው ጤነኛ ክፍል ግን ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ የተረፈው ሰው ልብ እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ አንድ ቀን በድንገት የሚፈስስ ዕቃ ሳይሆን፥ ተሰብሮ እንደሚጠገን አጥንት ጊዜና ጥንቃቄ የሚፈልግ አካል ነው። ይህን ማወቅ ብቻውን ከፍርሃቱ ብዙውን ያቀልለታል።

በቋንቋችን ግን ልብ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። ደም የሚረጨው ሥጋ ልብ ይባላል፤ ማስተዋልና ድፍረት፥ ፍቅርና ኀዘን የሚገኙበትም ልብ ይባላል። ልበ ሙሉ፥ ልበ ቢስ፥ ልቡ የተሰበረ እንላለን። ስለዚህ የሀገራችን ሰው ሐኪም «ልብህ ታሟል» ሲለው፥ ሳንባህ ወይም ጉበትህ ታሟል እንደ ተባለ አድርጎ አይሰማውም፤ ሰውነቱ ሁሉ የፈረሰ ይመስለዋል። እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል። የታመመው ጡንቻው ነው፤ አባትነቱ፥ ምክሩ፥ ፍቅሩና ጸሎቱ አልታመሙም።

2ኛ፤ ነቢዩ በክትክታው ሥር

ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ታላቅ ተአምር ካደረገ በኋላ የሆነውን እናስታውስ። እሳት ከሰማይ ያወረደው ነቢይ ከኤልዛቤል ዛቻ የተነሣ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ በታችም ተቀምጦ ሞትን ለመነ። ይህ በአንደኛ መጽሐፈ ነገሥት በ19ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። እግዚአብሔር ግን አልገሠጸውም፤ «እምነትህ የት ሄደ?» ብሎም አላሳፈረውም። መልአኩን ልኮ መጀመሪያ እንዲበላና እንዲጠጣ አደረገው፤ ደግሞ አስተኛው፤ ሁለተኛም ቀሰቀሰውና መንገዱ ረጅም ስለሆነ እንዲበላ ነገረው። ከዚያ በኋላ ነው 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጕዞ እስከ ኮሬብ ተራራ የደረሰው፤ አዲስ አገልግሎትም የተሰጠው።

እነሆ፥ የመጽናናት ሥርዓቱ ይህ ነው፤ ዕረፍት፥ ምግብ፥ እንቅልፍ፥ ቀጥሎ ጕዞ፥ በመጨረሻም ሥራ። የታመመውን ሰው በመጀመሪያው ቀን በተግሣጽ መጀመር የመልአኩን ሥርዓት መገልበጥ ነው።

ንጉሡ ሕዝቅያስም ለሞት በታመመ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እጅግ አለቀሰ። እግዚአብሔርም ልቅሶውን እንደ ኀፍረት አልቈጠረበትም፤ ሰማው እንጂ፤ በዕድሜውም ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ደግሞም ልብ እንበል፤ ጸሎቱ ከተሰማ በኋላ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ጸሎቱ መድኃኒቱን አላስቀረውም፤ መድኃኒቱም ጸሎቱን አልሻረውም።

3ኛ፤ ፍርሃቱ የሁሉም መሆኑ

ይህ ፈተና በድኻው ወይም ባልተማረው ብቻ የሚደርስ አይደለም። በግንቦት 1946 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በዋሽንግተን የተቀበሉት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር፥ በመስከረም 1948 ዓ.ም. በዴንቨር ከተማ ሳሉ በ64 ዓመታቸው ይኸው ሕመም ያዛቸው። ሰባት ሳምንት ያህል በሆስፒታል ቈዩ። በዚያን ጊዜ ልቡን የታመመ ሰው የቀድሞ ኑሮው ያበቃለት ይመስላቸው የነበሩ ሰዎች ብዙ ነበሩ። የቦስተኑ የልብ ሐኪም ፖል ዳድሊ ኋይት ግን የሕመሙን ነገር ለሕዝብ በግልጽ አስረዱ፤ ሕሙም በልክ እየተንቀሳቀሰ ወደ ሥራው ሊመለስ እንደሚችልም አስተማሩ። ፕሬዚዳንቱም በጥቅምት 1949 ዓ.ም. እንደገና ተመረጡ፤ እስከ መጋቢት 1961 ዓ.ም. ድረስም በሕይወት ቈዩ።

ከዚያ ዘመን በፊት ሐኪሞች ራሳቸው ሕሙሙን ለብዙ ሳምንት ከአልጋ እንዳይነሣ ያዝዙ ነበር። በ1944 ዓ.ም. ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ ሐኪሞች ሕሙሙን ቀድሞ በወንበር ላይ ማስቀመጥ እንደሚጠቅመው ጽፈው ካሳወቁ ወዲህ ልማዱ እየተለወጠ ሄደ። ዛሬ ያለ ሐኪም ምክንያት ለረጅም ጊዜ መተኛት ሰውነትን የሚያደክም፥ መንፈስንም የሚያጨልም መሆኑ የታወቀ ነው።

የኀዘኑም ነገር ተመርምሯል። ድንገተኛ የልብ ሕመም ካገኛቸው ሰዎች መካከል ከአምስቱ አንዱ ያህል ጽኑ የመንፈስ ጭንቀት ያድርበታል። በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ተደርጎ በ1986 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ እንዲህ ያለ ጭንቀት ያደረባቸው ሕሙማን በስድስት ወር ውስጥ ለሞት የሚያሰጋቸው አደጋ ከሌሎቹ የበዛ መሆኑን አሳየ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የልብ ማኅበር የመንፈስ ጭንቀት ለእንዲህ ያለው ሕሙም እንደ አንድ አስጊ ነገር እንዲቈጠር መከረ። እንግዲህ «ኀዘኑ በራሱ ይለቀዋል» ብሎ ቸል ማለት የሕሙሙን ሕይወት ቸል ማለት ነው።

4ኛ፤ ለሕሙሙ የሚገባ ምክር

ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ መጀመሪያ ፍርሃትህን ተናገር። በሆድ የታሰረ ፍርሃት በሌሊት ይገዝፋል፤ በቃል የተነገረ ግን ልኩ ይታወቃል። ለሚስትህ ወይም ለባልሽ፥ ለንስሐ አባት፥ ለሐኪምም ይነገር። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለው አባባል በሕዝቅያስ ላይ አልሠራም፤ በአንተም ላይ አይሠራም። እናቶችም ሕመማቸውን ከልጆቻቸው ሸሽገው እንስራ ተሸክመው ውኃ ለመቅዳት ይነሣሉ፤ ይህ ትዕግሥት ሳይሆን ራስን መጕዳት ነው።

ሁለተኛ፥ ጕዞውን በጥቂቱ ጀምር። ሐኪምህ ከፈቀደልህ የመጀመሪያው ቀን ጕዞ እስከ አጥሩ በር ይሁን፤ ሲበረታ እስከ ጎረቤት፥ ከዚያም እስከ ዋርካው፥ ቀጥሎ እስከ ደጀ ሰላም። ልኩ ይህ ነው፤ ከጓደኛህ ጋር እያወራህ ለመሄድ ከቻልህ መልካም ነው፤ መናገር ካቃተህ ግን አብዝተሃልና ዐረፍ በል። የመካነ ሰላም አገር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ ደጋ ስለሆነ የማለዳው ብርድ ይከብዳል። ውርጩ ከለቀቀ በኋላ በሜዳማው መንገድ መሄድ ይሻላል፤ ዳገቱ ይቈይ፤ ምግብ ከበሉ በኋላም ወዲያው መነሣት አይገባም። በእግርህ የጨመርሃት እያንዳንዷ ርምጃ ለልብህ ብቻ ሳይሆን ለፍርሃትህም መልስ ናት።

ሦስተኛ፥ መድኃኒትህን በራስህ ፈቃድ አታቋርጥ። ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ድካም ያመጡ ይሆናል፤ ለዚህ መፍትሔው ለሐኪም መንገር ነው እንጂ መድኃኒቱን መጣል አይደለም። የልብን ምት የሚያረጋጋውን ወይም ደም እንዳይረጋ የሚከለክለውን መድኃኒት በድንገት ማቆም ሕመሙን ሊመልሰው ይችላል።

አራተኛ፥ አስጊውን ከማያሰጋው ለመለየት ሥርዓት ይኑርህ። ደረትን የሚጫን፥ በዕረፍት የማይለቅ፥ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለበት ሕመም ከመጣ ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ሂድ፤ ከምላስ ሥር የሚቀመጥ ኪኒን ታዝዞልህ እንደ ሆነም እንደ ታዘዝኸው አድርግ። በሴቶች ላይ ሕመሙ አንዳንድ ጊዜ በድካም፥ በማቅለሽለሽና በትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊገለጥ ስለሚችል አይናቅ። ይህን ሥርዓት ካወቅህ በኋላ በየሰዓቱ የደም ሥርህን እየያዝህ ትርታህን መቍጠር ተው፤ የሚጠብቅህ አይተኛምና።

አምስተኛ፥ በሌሊት ፍርሃት ሲመጣ ተነሥተህ ተቀመጥ፤ ትንፋሽህን በቀስታ እየሳብህና እየለቀቅህ መቍጠሪያህን ይዘህ በአጭር ቃል ጸልይ። ጸሎቱ ረጅም እንዲሆን አትጨነቅ። ፍርሃትን በአረቄ ለማስተኛት ወይም ድካምን በጫትና በሲጋራ ለማባረር የሚሞክር ግን በቍስል ላይ ቍስል ይጨምራል።

ባልና ሚስትም በልባቸው ይዘው የማይናገሩት አንድ ፍርሃት አለ፤ የጋብቻ ግንኙነት ሞት ያመጣል የሚል ነው። ያለ ደረት ሕመምና ያለ ማለክለክ የሁለት ፎቅ ደረጃ የሚያህል ዳገት ለመውጣት የሚችል ሰው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ጋብቻ ሕይወቱ ሊመለስ ይችላል። ጋብቻ ክቡር ስለሆነ ሐኪምን ስለዚህ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ኀዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ ቢቈይ፥ እንቅልፍና ምግብ ቢከለክል፥ ወይም ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ቢያመጣ፥ ይህ በምክር ብቻ የሚተው አይደለም፤ ያን ጊዜ ሕሙሙን ብቻውን ሳይተዉ በቶሎ ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። የመንፈስ ጭንቀት መድኃኒትና ሕክምና ያለው ሕመም ነው።

5ኛ፤ ለቤተ ሰብና ለጠያቂ

የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን በዝምታ አብረውት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አጽናኞች ነበሩ፤ የከፉት አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ሊያስረዱት በጀመሩ ጊዜ ነው። እኛም ሕሙም ስንጠይቅ «እገሌም እንዲሁ አድርጎት በሳምንቱ ሞተ» የሚል ወሬ ይዘን አንግባ፤ «ምን በድለህ ይሆን?» ብለንም አንመርምር። ጥቂት ተቀምጠን፥ የእርሱን ቃል ሰምተን፥ ሳናደክመው እንነሣ።

ቤተ ሰብም ከሁለት ስሕተት ይጠበቅ። አንዱ ቶሎ እንዲሠራ መገፋፋት ነው፤ ሁለተኛው በፍቅር ብዛት እንደ ሕፃን ማሰር ነው። አባት ማረስ ባይችልም ዘር ሊመርጥ፥ ልጁን ሊመክር፥ ጎረቤት ሊያስታርቅ ይችላል። «አባባ፥ አርፈህ ተቀመጥ» ከማለት ይልቅ «አባባ፥ ይህን እንዴት እናድርገው?» ማለት ይበልጥ ያድነዋል። መርዶ ቢመጣ ለዘለዓለም መሸሸግ አይቻልም፤ ነገር ግን በድንገት ከመጮኽ ይልቅ በቀን፥ በሚያምነው ሰው አፍ፥ በቀስታ ይነገረው። ገና ላልጠነከረ ሰው ደረት እየመቱ የሚያለቅሱበትን ልቅሶ መቅረት ነውር እንዳልሆነ የእድሩ ሰዎች ይወቁለት።

6ኛ፤ ለንስሐ አባቶች

ክቡራን አባቶች ሆይ፥ ሕሙሙ ለሐኪም ያልነገረውን ለእናንተ ሊነግር ይችላልና በእጃችሁ ታላቅ አደራ አለ። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ ለሕመምተኛ ርኅራኄን አልከለከለም። መድኃኒቱን ከምግብ ጋር በሰዓቱ መውሰድ የሚገባው ሰው በሥርዓት ቢፈቀድለት ጾም አፈረሰ አይባልም። የጾሙ ምግብ፥ አትክልቱና ጥራጥሬው፥ ጨውና ዘይት ካልበዛበት ለልቡም የሚስማማ ነው። ስግደቱም እስኪበረታ ድረስ በራስ ዝቅታ ይሁን፤ በቅዳሴም መቆም ሲያቅተው ተቀምጦ እንዲያስቀድስ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ያፍራልና።

ስለ ጸበልም አንድ ነገር እንናገር። ጸበል ጠጥቶ ተጠምቆ መድኃኒቱን የሚጥል ሰው በየቦታው ይታያል። በሲራክ መጽሐፍ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን የፈጠረው፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑን ተምረናል። ስለዚህ በጸበሉ በረከት እየተቀበለ መድኃኒቱንም ይውሰድ። በደጋው ማለዳ በበረዶ ውኃ በድንገት መጠመቅ ግን የደም ሥርን የሚያጠብና ልብን የሚያስጨንቅ ስለሆነ ገና ያልጠነከረው ሰው ቢጠጣው፥ ቢረጩትና ቢቀቡት ይበቃዋል። ከአንድ አባት አፍ የሚወጣ «መድኃኒትህን አትተው» የሚል ቃል ነፍስ ያድናል።

ማጠቃለያ

በቦረና ምድር የሚገኘው ጋሥጫ የሚዘከርበት አባት አባ ጊዮርጊስ በልጅነቱ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለትምህርት በገባ ጊዜ ትምህርቱ አልገባው ብሎ ብዙ እንደ ተቸገረ ገድሉ ይተርካል። ጓደኞቹ ሲያልፉት እርሱ በወፍጮ ሥራ እያገለገለ፥ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ታገሠ። በኋላ ግን መጽሐፈ ምስጢርንና የሰዓታትን ድርሰት ለቤተ ክርስቲያን ያበረከተ ሊቅ ሆነ። በወፍጮው አጠገብ ያለፈው ዘመን የጠፋ ዘመን አልነበረም። ልቡ ታምሞ በመደብ ላይ የተቀመጠውም ሰው ይህን ያስብ፤ የዛሬው ድካሙ የሕይወቱ ፍጻሜ ሳይሆን በትዕግሥት የሚያልፍበት ወራት ነው።

አንድ ቀን የተራፊው ሰው ሕይወት ያልፋል፤ የሁላችንም እንዲሁ። ነገር ግን ሞትን ማሰብ ክርስቲያንን ለንስሐና ለፍቅር የሚያነሣሣ ነው እንጂ ሕያው ሳለ እንደ ሞተ ሰው ሆኖ እንዲቀመጥ የሚያደርግ አይደለም። ስለዚህ ሕሙሙ ይናገር፤ ጠያቂው ያዳምጥ፤ ሐኪሙ ይርዳ፤ ካህኑ ይጸልይ። ያን ጊዜ የከተማይቱ ስም እንደሚያመለክተው የሕሙሙም ልብ መካነ ሰላም ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።